ቅመም የገባበት የስኳር ድንች ጥብስ፦ አሠራሩና ወጪው

ስኳር ድንች በብዙ ቤት የሚታወቀው በአንድ አሠራር ነው። ይታጠባል፣ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ትኩስ ትኩሱን ከሻይ ወይም ከቡና ጋር ይበላል። ጥሩ ቁርስ ነው፤ ሆድም ይይዛል። ከወጥና ከጥብስ ጎን ሲቀመጥ ግን ቅቅሉ ውሃ ያዘለ ስለሆነ ጣዕሙ ይዋጣል።

ዛሬ የምናየው ሌላውን አሠራር ነው። ድንቹ ተቆርጦ፣ በዘይት ታሽቶ፣ በደረቅ ሙቀት ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። መጨረሻ ላይ ማርና ቅመም ይገባበታል። ከሥጋ ጥብስ፣ ከዓሣ፣ ከምስር ወይም ከጎመን ጎን በትንሽ ሳህን የሚቀርብ ነው። ኦቨን ያለውም የሌለውም ሊሠራው ይችላል።

ብዙ ሰው «ጣፋጭ» ሲባል መጀመሪያ የሚያነሣው የስኳር ዕቃውን ነው። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ጣፋጩ ድንቹ ውስጥ አለ። የእኛ ሥራ እንዲወጣ ጊዜ መስጠት ነው፤ ከውጭ የምንጨምረው አንድ ማንኪያ ማር ለሽታና ለወዝ ብቻ ነው።

እንዴት ነው ጣፋጩ ከውስጥ የሚወጣው? ጥሬ ስኳር ድንች ብትቀምሱ ያን ያህል አይጣፍጥም። ከውሃው ቀጥሎ አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ነው። ስታርች ዱቄት መሳዩ፣ ምላስ ላይ የማይጣፍጠው ክፍል ነው። ድንቹ ውስጥ ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኝ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይም አንዱን ነገር ቆራርጦ ወደ ሌላ የሚለውጥ የፕሮቲን ዓይነት ነው። የዚህኛው ሥራ ስታርቹን ቆራርጦ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር መለወጥ ነው።

ኢንዛይሙ የሚሠራው ግን በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው። የድንቹ ውስጥ ከ57 እስከ 77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ከዚያ በታች ስታርቹ ገና ስላልላላ አይቆረጥለትም። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ኢንዛይሙ ራሱ ይበላሻል፤ የቀረው ስታርችም ስታርች ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ድንቹ በዚያ መካከለኛ ሙቀት ላይ ረዘም ብሎ ሲቆይ ይበልጥ ይጣፍጣል። በማይክሮዌቭ በ6 ደቂቃ የበሰለ ስኳር ድንች ደብዛዛ የሚሆነው፣ ረመጥ ውስጥ ቀስ ብሎ የበሰለው ደግሞ ማር ማር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ድንቹ አንድ ዓይነት ቢሆንም ያገኘው ጊዜ ይለያያል።

ሁለተኛው ነገር የጠርዙ ቡናማነት ነው። ደስ የሚለው የጥብስ ሽታ የሚመጣው የድንቹ ገጽ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። እርጥብ ገጽ ግን ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከውሃ መፍያ ሙቀት አያልፍም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድንቹ እርጥብ ከሆነ ወይም ትሪው ላይ ተደራርቦ እርስ በርሱ እንፋሎት ከተነፋፈሰ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት እሳት ያስፈልገናል። መጀመሪያ ቀስ ያለ፣ ጣፋጩን የሚያወጣ። ቀጥሎ ኃይለኛ፣ ጠርዙን የሚያቃጥል ሳይሆን የሚያጠቁር። ከዚህ በኋላ የምታነቡት ዝርዝር ሁሉ ይህንኑ የሚያስፈጽም ነው።

ወደ ገበያ እንሂድ። ስኳር ድንች በአገራችን በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሐረርጌ በብዛት ይመረታል። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ውስጡ ነጭ ወይም ክሬም መሳይ የሆነው ነው፤ ሐዋሳ-83 የሚባለው ዝርያ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ነው፤ ኩልፎና ቱላ የሚባሉት ዝርያዎች ከእነዚህ ናቸው። የልጣጩ ቀለም ስለ ውስጡ አይነግራችሁም። ቀይ ልጣጭ ያለው ድንች ውስጡ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሻጯን አንዱን ቆርጣ እንድታሳያችሁ ጠይቁ።

የቱ ይሻላል? ለጥብስ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ነጩ ደረቅና ዱቄታማ ነው፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ጠርዙ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ዘይት ካነሰበት አፍ ውስጥ ይደርቃል። ብርቱካናማው ውሃ ይበዛዋል፤ ሲጠበስ ውስጡ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ለዚህ አሠራር እኔ የምመርጠው ብርቱካናማውን ነው። ቅመሙን የሚቀበለው እርሱ ነው፣ ሳህን ላይም ያምራል።

ብርቱካናማው ሌላም ጥቅም አለው። ቀለሙ ቤታ ካሮቲን ነው፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር። ደማቅ ብርቱካናማ ከሆነ የተጋገረ ስኳር ድንች 100 ግራሙ ብቻ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ሊሸፍን ይችላል። ነጩ ውስጥ ይህ የለም ማለት ይቻላል። ብርቱካናማው ዝርያ በአፍሪካ እንዲስፋፋ የሠሩት ተመራማሪዎቹ ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ለዚህ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት የልጆችን ዓይን ያጠፋል፤ ልጅ ያለበት ቤት ብርቱካናማውን ገበያ ላይ ሲያገኝ ባያልፈው ደስ ይለኛል። ዘይትና ቅቤ መጨመሩም ለዚህ ይረዳል፤ ቤታ ካሮቲን ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ሲበላ ነውና።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ውስጥ «ያም» ተብሎ የሚሸጠው ብርቱካናማ ሥር በአብዛኛው ይኸው ስኳር ድንች ነው፤ ያለ ሥጋት ግዙት። እውነተኛው ያም በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ የምንለው ሌላ ተክል ነው። ለዚህ አሠራር አይሆንም።

ስትመርጡ መካከለኛ መጠን ያለውን፣ ጠንካራውን፣ ልጣጩ ያልተጨማደደውን አንሡ። በጣም ትልቁ ውስጡ ቃጫ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ቀዳዳ ያለበትን ተዉት። ቀዳዳው የስኳር ድንች ነቀዝ የገባበት ነው። ነቀዙ ሲበላው ድንቹ ራሱን ለመከላከል መራራ ነገር ያመነጫል፤ ምሬቱ ከቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይሰራጫል። ማብሰል አያጠፋውም። ቆርጣችሁ ጠቆር ያለ መስመር ወይም መራራ ሽታ ካገኛችሁ ያን ድንች ጣሉት።

ቤት ስታደርሱት ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ጥሬ ስኳር ድንች ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀመጥ ይጎዳል፤ መሃሉ ይደነድናል፣ ሰዓታት ብታበስሉትም አይለሰልስም። አየር በሚያገኝ ቅርጫት ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ፣ ሳይታጠብ አስቀምጡት። በፌስታል አትቋጥሩት፤ ያልበዋል፣ ይሻግታል።

አሁን ለአራት ሰው የሚሆነውን እናዘጋጅ። አንድ ኪሎ ስኳር ድንች፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ሎሚ። ከቅመም አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዝንጅብል፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ተወቅጦ፣ በቁንጥር ሚጥሚጣ።

ጨውና ሚጥሚጣ ጣፋጭ ነገር ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ጨው ከሌለ ጥብሱ ከምግብ ጎን የሚቀርብ ሳይሆን ኬክ ይሆንባችኋል። ሚጥሚጣው ደግሞ ጣፋጩ አፍ እንዳይሞላ ያስታግሳል። ለልጆች ከሆነ ተዉት፤ ጨዉን ግን አትተዉ።

ስለ ቅመሙ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ምግብ ነፍሱ እዚያ ነው። ተፈጭቶ በትንሽ ላስቲክ ከተቋጠረ ቀረፋ ይልቅ ቅርፊቱን ገዝታችሁ ራሳችሁ ብትፈጩት ሽታው በእጥፍ ይበልጣል። ኮረሪማው ከነገለባው ይሁን። ገለባውን በጣት ጫን ስትሉት ይሰነጠቃል። ውስጡ ፍሬዎቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ትንሽ ወዝ ይዘው ይገኛሉ። ገለባውንና ሽፋኑን አራግፉና ፍሬዎቹን ብቻ በደረቅ መጥበሻ አንድ ደቂቃ አመስ አድርጉ። ሽታው ብድግ ሲል አውርዱና በሙቀጫ ውቀጡ። ከነገለባው ሲቆጠር ከሁለት እስከ ሦስት ኮረሪማ ለዚህ መጠን ይበቃል።

ኮረሪማ የሌለው በሄል መተካት ይችላል፤ ሄል ሽታው ስለሚያይል መጠኑን በግማሽ ይቀንስ። በርበሬ ልጨምር የሚል ካለ አልመክርም። በኃይለኛ ሙቀት ቶሎ ያራል፣ ምሬቱም ማሩን ይገድለዋል።

ድንቹን እጠቡት። መላጥ አለበት ወይ? ልጣጩ ይበላል፣ ሲጠበስም ደስ ይላል። አፈር የገባባቸው ስንጥቆች ካሉት ግን ላጡት። ከዚያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጎን ባላቸው ቁራጮች ቁረጡ፤ የአውራ ጣት የላይኛው አንጓ ያህል። ዋናው ነገር እኩል መሆናቸው ነው። ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ እንዳይሆን።

ከመሬት ከወጣ ብዙ ያልቆየ ድንች ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር ባለው ክብ መስመር ላይ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ጠብታ ያወጣል። አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነው። እጅና ቢላ ላይ ይጣበቅና ሲደርቅ ይጠቁራል፤ በሳሙና እንቢ ካለ ትንሽ ዘይት ቀብታችሁ ብታሹት ይለቃል።

ቁራጮቹን በቀዝቃዛ ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ውሃው ነጣ ይላል፤ የወጣው ከላይ ያለው ስታርች ነው፤ እርሱ ከቀረ ትሪው ላይ ይጣበቃል። አጥልሉና በንጹሕ ፎጣ አድርቁ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ እርጥብ ድንች እንደማይጠበስ ከላይ አይተናል።

የደረቁትን ቁራጮች በትልቅ ሳህን አድርጋችሁ ዘይቱን፣ ጨዉንና ግማሹን ቀረፋ ጨምራችሁ በእጃችሁ እሹ። የቀረው ቅመምና ማሩ ለመጨረሻ ይቆይ። ለምን? የተፈጨ ቅመም ከአንድ ሰዓት ሙቀት በኋላ ሽታው ይተናል ወይም ያራል። ማር ደግሞ ከስኳር ቀድሞ ይቃጠላል። ውስጡ ያለው ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር ከ110 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይጠቁራል፤ የሸንኮራ ስኳር ግን እስከ 160 ዲግሪ አካባቢ ይታገሣል። ማርን ከመጀመሪያው የሚጨምር ሰው ጥቁር ትሪ ሲፈገፍግ ያመሻል።

ኦቨን ላላችሁ እንዲህ ነው። ትሪው ላይ ቁራጮቹን ሳይደራረቡ ዘርጉ። በፎይል ሸፍኑ። ኦቨኑን ቀድማችሁ አታሙቁት፤ ቀዝቃዛው ውስጥ አስገቡና 150 ዲግሪ ላይ ለኩሱት። 30 ደቂቃ ተዉት። ድንቹ ከኦቨኑ ጋር አብሮ ቀስ እያለ ሲሞቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ይሠራል።

ከዚያ ፎይሉን ግለጡ። እንፋሎቱ እጅ ያቃጥላልና ከራሳችሁ ራቅ ባለው በኩል ክፈቱት። ሙቀቱን ወደ 220 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ጥበሱ። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡ። ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ጠርዙን እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

ሊደርስ 7 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ማሩን፣ የቀረውን ቅመምና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በስኒ በጥብጡ። በድንቹ ላይ አፍስሱና አነካክታችሁ መልሱት። ማሩ በየቁራጩ ሥር ትንንሽ አረፋ እያወጣ ሲንተከተክ ታዩታላችሁ። አረፋው ወፍራም ሲሆንና ቀለሙ ወደ ሻይ ሲሄድ አውጡ። ሎሚውን ጨምቁበት፤ አምስት ደቂቃ ይረፍ። በዚህ ጊዜ ማሩ ይጠነክርና ድንቹ ላይ ይይዛል።

የውጭ አገር አሠራር አይታችሁ አዲስ አበባ ላይ ስትሠሩ «ሰዓቱ ሞልቶ ለምን አልበሰለም?» ካላችሁ፣ መልሱ ከፍታው ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጨምሩ። መብሰሉን በሰዓት ሳይሆን በቢላ ጫፍ ፈትኑ፤ ሳይታገል ከገባ በስሏል።

ኦቨን የለኝም ለምትሉ፣ ምጣዱ አለ። እንዲያውም ለመጀመሪያው ቀስ ያለ ሙቀት ምጣድ ከኦቨን አያንስም። እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን የመጨረሻው እንጀራ እንደወጣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አጥፉ። ሸክላው ገና ብዙ ሙቀት ይዟል፤ ያ ሙቀት ዝም ብሎ ከሚባክን ድንቹን ያብስልበት።

ጥንቃቄው አንድ ነው። ዘይትና ጣፋጭ የእንጀራ ምጣድን አይንካ። አንዴ ከጠጣ በሚቀጥለው ቀን እንጀራው ይይዛል። ስለዚህ የታጠበ ኮባ ከታች አንጥፉ፤ ለድፎ ዳቦ እንደምታደርጉት። ድንቹን ለዚህ በክብ በክብ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ። ኮባው ላይ ሳይደራረብ ደርድሩ፣ ሌላ ኮባ ከላይ አልብሱ፣ አክምባሎውን ግጠሙ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ካልለሰለሰ ምጣዱን ለሦስት ደቂቃ ያህል አብሩና መልሳችሁ አጥፉ። ኮባ ካልተገኘ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይሆናል፤ ኮባው ግን ለድንቹ የራሱን መልካም ሽታ ይሰጠዋል።

ሁለተኛውን ኃይለኛ እሳት በመጥበሻ እንሰጠዋለን። መጥበሻውን አግሉ፣ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ የለሰለሱትን ክቦች በአንድ ረድፍ። በአንድ ጎን ሦስት ደቂቃ፣ ገልብጦ ሦስት ደቂቃ። ማርና ቅመሙን በመጨረሻው ደቂቃ ጨምራችሁ አንዴ ነቅነቅ አድርጉና አውርዱ።

ከሰል ለሚጠቀም ደግሞ ረመጥ አለ። መካከለኛ ድንች ሳይላጥ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ነበልባል በሌለው ረመጥ ይቀበራል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ መሃል ላይ አንዴ እየተገላበጠ። ልጣጩ ከስሎ ሲላጥ ውስጡ ወዝ ያለው ይሆናል። ቆራርጣችሁ በትንሽ ሙቅ ቅቤ፣ ቅመምና ጨው አነካኩት። ማር አያስፈልገውም። በጣዕም ከሁሉም የሚበልጠው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጊዜ የሚወስድ መሆኑ እንጂ። ከሰል ስትጠቀሙ ግን ውጭ ወይም በሩ በተከፈተ ክፍል ይሁን፤ የከሰል ጭስ ሳይታይ ይገድላል።

ኤር ፍራየር ያላችሁም ሁለቱን እሳት ጠብቁ። መጀመሪያ 120 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ 200 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ። ቅርጫቱን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉት።

በዘይት ፈንታ ቅቤ ይሆናል? ንጥር ቅቤ ይሆናል፤ ያልተነጠረው ግን ውስጡ ያለው አይብ መሳይ ክፍል ስለሚያር ይጠቁራል። ንጥር ቅቤያችሁ ኮረሪማ የገባበት ከሆነ ከላይ ያልነውን ኮረሪማ በግማሽ ቀንሱ። በጾም በዘይት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ምንም አይጎድለውም።

ማር ከሌለስ? ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ጥቁር የሸንኮራ ስኳር ከተገኘ ከነጩ ይሻላል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር እንደማይሰጥ ግን አስታውሱ፤ ለሕፃኑ ድንቹን ማርና ሚጥሚጣ ሳይነካው ለይታችሁ አውጡ።

ወጪውስ? ዋጋ በየገበያውና በየወቅቱ ስለሚለያይ አሰላሉን ላሳያችሁ፤ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡበት።

አንድ ኪሎ ጥሬ ድንች ሲላጥ 850 ግራም ያህል ይቀራል። ሲጠበስ ውሃው ተኖ 650 ግራም ገደማ ይሆናል። ለአራት ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ 160 ግራም ያህል ይደርሳል። ከዋናው ምግብ ጎን ለሚቀርብ በቂ ነው። ከነልጣጩ ከሠራችሁት በአንዱ ኪሎ አምስተኛ ሰው ይመገባል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 20 ግራም ያህል ስለሆነ የኪሎውን ዋጋ ለ50 አካፍሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሊትሩን ዋጋ ለ33 አካፍሉ። ቅመሙ በዚህ መጠን ከሁለቱም ያንሳል። ድንቹ ራሱ ምርት በሚወጣበት ጊዜ ርካሽ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወጪ መብራቱ ነው።

የመብራት ፍጆታ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህም 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ማለት ነው። የኦቨናችሁን ዋት ከጀርባው ወይም ከበሩ ጠርዝ ላይ ካለው ምልክት አንብቡ። 2,000 ዋት ከሆነ በአንድ ሰዓት ቢበዛ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱን እያጠፋ ስለሚያበራ በተግባር ከዚህ ያንሳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 ዋት የሚያልፍ ስለሆነ ለድንቹ ብቻ ብላችሁ ከመጀመሪያ ብታሞቁት አያዋጣም። ከእንጀራ በኋላ በተረፈው ሙቀት ከሠራችሁ ግን ድንቹ ላይ የሚታሰበው የመጥበሻው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በአገራችን የወር ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ኦቨን ካበራችሁ ደግሞ ሁለት ትሪ በአንዴ አስገቡ። ሁለተኛው ትሪ ላይ ዶሮ ወይም ካሮትና ቀይ ሥር ሊሆን ይችላል። መብራቱ ያው ነው። ትሪዎቹን ግን መሃል ላይ አለዋውጡ፤ የላይኛው ቶሎ ይጠቁራልና።

ከምን ጋር ይቅረብ? ጨዋማና ጎምዘዝ ካለ ምግብ ጋር ይስማማል። ከዓሣ ጥብስ ጋር ሎሚ በዝቶበት፣ ከጎመን በሥጋ ጋር፣ በጾም ደግሞ ከአዚፋ ጋር። የአዚፋው ሰናፍጭና ሎሚ የድንቹን ጣፋጭነት ያነሣዋል። ከወላይታ ዳጣ ጋር ስትበሉት ደግሞ ሚጥሚጣውን ከአሠራሩ አውጡ፤ ዳጣው ይበቃዋል። ከቀይ ዶሮ ወጥ ጋር ግን አላቀርበውም። ወጡ በሽንኩርቱ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ሁለቱ ይጋፋሉ።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይብላ? ስኳር ድንች ሲጋገር ከተቀቀለው ይልቅ የደም ስኳርን ፈጥኖ ከፍ ያደርጋል፤ ጣፋጩን ያወጣንበት መንገድ ራሱ ነው ምክንያቱ። ለእነርሱ ከነልጣጩ የተቀቀለው፣ በትንሽ መጠን፣ ከባቄላ ወይም ከሥጋ ጋር ይሻላል። ቀረፋውንና ኮረሪማውን ከላይ ነስንሱላቸው፤ ማሩን ተዉ። መጠኑን ሐኪማቸው ይንገራቸው።

ሠርታችሁ ካልተሳካ ምክንያቱ ከሦስት አይዘልም። ከለሰለሰና ካልጠቆረ ትሪው ተጨናንቋል ወይም ድንቹ አልደረቀም። ውጩ አርሮ ውስጡ ከጠነከረ የመጀመሪያው ቀስ ያለ እሳት አጥሯል። በስሎም ደብዛዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨው ነው፤ ማር ከመጨመራችሁ በፊት ጨው ቆንጥራችሁ ሞክሩ። ይህ ድንች እንደ ተራው ድንች ጥብስ ኩርሽም አይልም፤ ስኳሩ እርጥበት ስለሚስብ ከወጣ በኋላ እንደገና ይለሰልሳል። ለዚህ ነው እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ከኦቨን የሚወጣው።

የተረፈውን በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ማቆየት ይቻላል። ስታሞቁት በማይክሮዌቭ ሳይሆን በደረቅ መጥበሻ አሙቁት፤ ጠርዙ ይመለስለታል። ቁራጩ አንሶ ለገበታ የማይበቃ ከሆነ በሹካ ጨፍልቃችሁ ከዳቦ ሊጥ ጋር አቡኩት። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ የሻይ ብርጭቆ ጭፍልቅ ይበቃል፤ ድንቹ የራሱ ውሃ ስላለው የሊጡን ውሃ ቀነስ አድርጉ።